እርጥብ ሸንበቆ

ባለፈው ታኅሣሥ፣ የቁልቢ መንገደኛ አዳማን ባጥለቀለቀበት ሰሞን፣ ከልጄ ከትርፌ ጋር አውቶቡስ ተራ ተቀምጠን ከአዋሽ የምትመጣ ዘመዳችንን ስንጠብቅ አንድ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን ያዘኝ። ገና ትናንት የተቆረጠ፣ ውኃው ያልደረቀ የሸንበቆ ሽታ ነበር። ዘወር ስል ካጠገባችን፣ ከግንቡ ጥግ፣ የእኔ እኩያ የምትሆን ሴትዮ አንድ እስር ሸንበቆ አስደግፋ ተቀምጣለች። «ምነው እናቴ፣ ይሄ እኮ ገና ውኃ ነው! ማን ይገዛሻል?» አልኳት። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ሳይጠይቁኝ መናገር ልማዴ ነው። ትርፌ በክርኗ ጎሰመችኝ። ሴትዮዋ ግን አልተቀየመችም፤ ሳቀች። «ለአጥር ነው እንጂ ለዕቃ አይደለም። ለዕቃማ ሁለት ክረምት ጭስ ያልጠጣ ሸንበቆ መች ይሆናል!» አለችኝ። ትርፌ ቀና ብላ አየችኝ፤ ይህችን ቃል ከእኔ አፍ ስትሰማ ነው ያደገችው። የአባቷ ቃል ነበረች። ከእሱ ሌላ እንዲህ የሚል ሰው በዚህ ዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

አይ ጊዜ! ያኔ አዳማ ከተማ ለመባል ገና ነበረች። ናዝሬት የሚለው ስምም አልመጣም። ባቡሩ ነው የወለዳት ይባላል፤ እውነት ነው። ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት የግሪኩ ዳቦ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ የዓረቦቹ ሱቆች፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ ብቻ። ዛሬ ሆቴል የተገተረበት ቦታ ሁሉ ፍየል ስናሰማራበት የነበረ ነው ብል ልጆቹ ይስቁብኛል። ባቡሩ ሲያፏጭ ከተማው ነቅሎ ይወጣል፤ የሚሳፈር ኖሮት አይደለም፣ ለማየት ነው። ሴቱ ቀሚሱን በመቀነት ሸብ አድርጎ፣ ወንዱ እጀ ጠባቡን ለብሶ፣ የባቡር ሠራተኞቹ ደግሞ ያን ባለ ቁልፍ ካኪ ኮታቸውን በዚያ ሐሩር እስከ አንገታቸው ቆልፈው። እንዴት እንደሚያልባቸው! ግን አንዱም አይፈታውም። ግሪኩ ሰውዬ ማታ ማታ በሩ ላይ የሸክላ ማጫወቻውን ሲያዞር እኛ ቋንቋውን ሳናውቅ አብረን እናዜም ነበር። በአንድ መሐለቅ ትኩስ ዳቦ ገዝቶ፣ ፍርፋሪውን በነጠላ ይዞ፣ እየበሉ መመለስ ነው። እንዲያ ያለ ዳቦ ከዚያ በኋላ አልበላሁም። ምናልባት ያማረው ዳቦው አይሆንም፣ ጥርሱ ነው፤ ያኔ ጥርስ ነበረኝ።

ባለቤቴ በየነ የሸማኔ ዕቃ ሠሪ ነበር። ሸማኔ አይደለም፤ የሸማኔው ዕቃ ሲሰበር፣ ሲያረጅ፣ የሚጠግንና የሚተካ እሱ ነው። መወርወሪያ ከወይራ ይቀርጻል፣ መርገጫ ይጠግናል። ዋናው ሙያው ግን ማበጠሪያ ነበር። ለማያውቅ ልንገር፤ ሸማኔ ድሩን ሲወጥር እያንዳንዷ ክር በማበጠሪያው ጥርሶች መሃል ታልፋለች። ማጉን ወርውሮ ባሳለፈ ቁጥር ማበጠሪያውን ወደ ራሱ ስቦ ይመታበታል፤ ጨርቁ የሚጠብቀው በዚያ ነው። ጥርሶቹ ከሸንበቆ የተሰነጠቁ፣ እንደ ሣር ቅጠል የሳሱ ናቸው፤ ከላይና ከታች በሰም በታሸ ክር ይጠለፋሉ። አንዷ ጥርስ ከሳሳች ወይም ከላላች ጨርቁ ላይ መንገድ ይወጣል፤ ድሩ እዚያ ቦታ ይከፈትና ፀሐይ ላይ ሲይዙት ያሳያል። የበየነ ማበጠሪያ ግን መንገድ አያውቅም። ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ሳይቀር ሸማኔ እየጠየቀ ይመጣለት ነበር። እሱም ሥራውን ሳይለቅ፣ ቢላዋውን በአፉ ነክሶ፣ እንደሰውዬው አገር አንዱን «ደህና አደራችሁ»፣ ሌላውን «አካም ቡልተን» ብሎ ይቀበላል።

ዘመዶቼ አልወደዱትም። አክስቴ «ለባለ እጅ ተዳረች» ብላ ሠርጌ ላይ ሳትመጣ ቀረች። ደግ አደረገች፤ እሷ ስትመጣ ድግስ አይበቃም ነበር። እኔ ግን ወደድኩት፤ ምን ልበል። ሳቁን ወደድኩት፣ ሥራ ላይ ሲቀመጥ ዝም የሚለውን ዝምታ ወደድኩት። የቤታችን ጣሪያ ውስጡ ሁሉ ሸንበቆ ነበር። በጥቅምትና በኅዳር የተቆረጠውን ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል፤ ሁለት ክረምት ጭስ ካልጠጣ አይነካውም። «እርጥብ ሸንበቆ ውሸታም ነው» ይላል፤ «ዛሬ ወፍራም ነኝ ይልሃል፣ ነገ ከስቶ ታገኘዋለህ።» ጥቀርሻው በወጡ ላይ እየተንጠባጠበ ሲያስቸግረኝ «ለመሆኑ ሚስትህ እኔ ነኝ ወይስ ይሄ ሸንበቆ?» እለው ነበር። «አንቺስ ብትሆኚ ሁለት ክረምት ጭስ ጠጥተሽ የለም እንዴ? አሁን ገና ለዕቃ ደረስሽ» ይለኛል። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ እፈትላለሁ። ፈታይ ሴቶች የምንላት ነገር ነበረች፤

ፈትዬ ፈትዬ ድሩን አደረስኩት፣
ለባሹ ሲዘገይ ብቻዬን ታቀፍኩት።

ያኔ ስላት ለጨዋታ ነበር። በኋላ ግን ደግሜ አላልኳትም።

በተጋባን በሦስተኛው ዓመት መስከረም፣ እኔ ትርፌን አርግዤ ሆዴ ገፍቶ ሳለ፣ አባ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ሸማኔ ከዝዋይ ሐይቅ ዳር በእግራቸው መጡ። እግራቸው አብጧል። ውኃ ሰጥቻቸው እስኪጠጡ እንኳ አልታገሡም። «በየነ ልጄ፣ ማበጠሪያዬ አለቀልኝ፤ ጥርሱ ረገፈ» አሉት። «ታዲያ አባ፣ ለምን ይዘውት አልመጡም?» ቢላቸው አንገታቸውን ደፉ። «እንዴት ላምጣው? ድሩ ውስጡ ነው። የወርቂቱ ነው፣ የልጄ የሠርግ ኩታ።» ነገሩ እኔም ገባኝ። ሌላ ድር ቢሆን ይቆረጣል፣ አዲስ ማበጠሪያ ይገባል፣ እንደገና ይቀጠላል። የሙሽራ ድር ግን አይቆረጥም። ከተቆረጠ ትዳሯ አብሮ ይቆረጣል ነው የሚባለው፤ እንኳን አባት፣ ጎረቤትም አይደፍረው። ስለዚህ ድሩ እንደተወጠረ የረገፈውን ጥርስ አንድ በአንድ መንቀል፣ አንድ በአንድ መተካት ነው። ለዚያ ደግሞ ሠሪው ራሱ ይሄዳል እንጂ ዕቃው አይመጣም።

«በመስከረም ሐይቅ ዳር አይወረድም» አልኩት፣ አባ ደምሴ እየሰሙኝ። አላፈርኩም። የንዳዱ ወር ነው፤ በዚያ ወራት ወርዶ በሰላም የተመለሰ ስንቱ ነው? «ደርሻለሁ እኮ በየነ። አንተ ከሌለህ ማን አለኝ?» አልኩት። «ሳምንት አይሞላኝም» አለኝ። «ሰውዬው በዚህ እግራቸው እዚህ ድረስ መጥተው ባዶ እጃቸውን ልመልሳቸው? የእኛ ልጅ ሠርግ ቢሆንስ?» ከጣሪያው ሥር ጭስ የጠገበውን፣ ጠቁሮ የሚያብለጨልጨውን ሸንበቆ ራሴ መርጬ አሰርኩለት። በበቅሎ ጭኖ፣ ሽማግሌውን አስቀድሞ፣ በሐዲዱ ማዶ ሲሄድ አየሁት። መታጠፊያው ላይ ዘወር ብሎ እጁን አነሣ። ያቺ ናት በጤናው ያየሁት መጨረሻ።

ሳምንቱ ሞላ። ሁለተኛውም አለፈ። ባቡር ባፏጨ ቁጥር በር ላይ እቆማለሁ፤ ከሐይቅ በባቡር እንደማይመጣ እያወቅኩ። ከዚያ ወሬው ደረሰ። ዓሣና ጨው የሚያመላልሱ ነጋዴዎች ገበያ ላይ አወሩት፤ አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ልታጽናናኝ መጣሁ ብላ ነገረችኝ። «አይዞሽ፣ ደህና ነው አሉ። በየማለዳው ሐይቁ ዳር ከአንዲት ቆንጆ ልጅ ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀምጠው አይተናቸዋል አሉ።» እንዲህ አድርጋ አጽናናችኝ፣ አፈር ያጽናናትና! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ሌሊት ሌሊት ሆዴን ይዤ፣ ያቺን ቆንጆ መልኳን ስስል አድር ነበር። አንዴ ጠይም አደርጋታለሁ፣ አንዴ ቀይ።

አንድ ቀን በእርግጥም በባቡር መጣ። ሞጆ ላይ ወድቆ አግኝተውት፣ የሚያውቁት ሰዎች አሳፍረው ላኩት። ሁለት የባቡር ሠራተኞች በዚያ በተቆለፈ ኮታቸው ተሸክመው ደጄ ላይ አስቀመጡት። ገላው እሳት ነበር። ዓይኑ ያየኛል፣ ግን እኔን አያይም። ጣቶቹ በሰም ጠቁረው በክር ተቆራርጠዋል፤ አጠብኳቸው። እኔ «በየነ፣ እኔ ነኝ» እላለሁ፤ እሱ ደግሞ «ነይ፣ ነግቷል» ይላል። «ነይ እንጂ፣ ነግቷል እኮ።» በየማለዳው። ውኃ በአፉ ሳንጠባጥብ፣ ላቡን ስጠርግ፣ እኔን አይደለም የሚጠራው። ሌላ ናት። ማናት ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ብጠይቀውስ መች ይሰማኛል? እንዲሁ እንደጠራት ሞተ።

ትርፌን የወለድኩት ሐዘን ላይ ተቀምጬ ነው። ስሟንም ያወጣሁላት ከእሱ የተረፈችኝ እሷ ስለሆነች ነው። ሸማኔዎቹ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ መጡ፤ ደጅ ላይ ቆመው «በየነ የለም?» ሲሉኝ ጣሪያው ላይ የቀረውን ሸንበቆ እየሰጠሁ እሸኛቸው ነበር፣ እስኪያልቅ። ከዚያ ያ የጣሊያን ጦርነት መጣ፤ ሰዉ ተበተነ፣ ሌላ ባንዲራ ተሰቀለ፣ ወረደ። በኋላም የፋብሪካው ጨርቅ መጣና ሸማኔው እግሩን አስገብቶ የሚሸምንበት ጉድጓድ በየቤቱ ተደፈነ። ስንቱ አለፈ። ሐሜት ግን አያልፍም። ትርፌ ትምህርት ቤት ሳለች አንድ ቀን አልቅሳ መጣች፤ «አባቴን ሐይቅ ዳር ሴት ይዛ አስቀረችው አሉኝ። እውነት ነው እማዬ?» አለችኝ። አይደለም ማለት ነበረብኝ፤ ግን የማላውቀውን እንዴት ልበል? «ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ» አልኳት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ልጅ ሲያድግ ያልተመለሰለትን ጥያቄ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ከዚያ ወዲህ አባቷን «አባቴ» ስትል ሰምቻት አላውቅም፣ «ሰውዬው» ነው የምትለው። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። ባል መሞቱን ይችሉታል። ሲሞት የሌላዋ ሆኖ መሞቱን ነው ያልቻልኩት።

እንግዲህ ያ ሁሉ በዚያ በሸንበቆው ሽታ መጥቶብኝ ሸንበቆው ላይ አፍጥጬ ሳለ ነው ሴትዮዋ «ምነው አመመሽ እንዴ?» ያለችኝ። «ከየት ነሽ?» አልኳት። «ከዝዋይ፣ ሐይቁ ዳር።» ቁልቢ መሄዷ ነው፤ ልጇ ታሞ ስለት ተስላ ነበርና ሲድንላት ስለቱን ልታስገባ። ሸንበቆውን ሸጣ ለስንቅ ታደርገዋለች። «ስለቱ ምንድን ነው?» አለቻት ትርፌ፣ ለጨዋታ ያህል። ሴትዮዋ ከጉያዋ አንድ ጥቅል አወጣች። «የሠርግ ኩታዬ። ከዚህ የሚበልጥ የለኝም» አለች። ኩታው በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኖ ቅቤ መስሏል፤ ጥበቡ ግን አልደበዘዘም። እጄ ልማዱ ነውና ተቀብዬ ፀሐይ ላይ ያዝኩት።

መንገድ አለበት። ከዳሩ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከጥበቡ ሥር የሚጀምር ቀጭን መንገድ። ግን እንዲህ ያለ መንገድ አይቼ አላውቅም። ጥርስ ሲላላ መንገዱ አንዴ ከተከፈተ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ ይሄኛው ግን ቀስ እያለ ይከፈትና ድንገት ይዘጋል፤ ደግሞ ቀስ እያለ ይከፈታል፣ ደግሞ ድንገት ይዘጋል። «ይሄን ማን ሠራው?» አልኳት። «አባቴ፣ አባ ደምሴ» አለች። «ማበጠሪያው ተሰብሮ ከእናንተ ከተማ አንድ ሰው መጥቶ ጠገነለት። ምን ዓይነት ሰው መሰለሽ! መቂ ወንዝ ሞልቶ በቅሎው ሲንሸራተት ደረቁን ሸንበቆውን ውኃ ወሰደበት። ሌላ ከየት ይምጣ? ከሐይቁ እርጥቡን ቆርጦ ተካው። ራሱ እየሳቀ፣ እርጥብ ሸንበቆ ውሸታም ነው፣ ነገ ይከሳል፣ ብሎ ነበር። እውነትም ማታ ይደርቅና ይላላል። የሙሽራ ልብስ ላይ መንገድ ጥዬ አልሄድም ብሎ ተቀመጠ። በየማለዳው፣ አባቴ ለሽመና ሳይቀመጥ፣ እንደገና ያጠብቀዋል። እኔ ደግሞ ጉልበቴን ከጉልበቱ ገጥሜ ክሩን በሰም እያሸሁ እወጥርለታለሁ። ጎህ ሲቀድ በራችን ላይ ቆሞ፣ ነይ ነግቷል፣ ይለኝ ነበር።»

ትርፌ እጄን ያዘችኝ። ጨመቀችው፣ አመመኝ። ሴትዮዋ አላየችንም፤ ኩታዋን ነው የምታየው። «ሚስቴ ልትወልድ ነው፣ ሳምንት ብያት መጥቼ፣ እያለ ሲጨነቅ ነበር። ትኩሳቱ ሲጀምረው ግን አልቻለም፤ ቤቴ ብሎ ተነሣ። ለመንነው፣ እምቢ አለ። አባቴ እስከ መቂ ሸኘው። በዓመቱ አባቴም ዐረፈ፣ ባሌም ወደ ጦርነቱ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ድሩ ሳይቆረጥ ትዳሬ ተቆረጠ። የዚያን ሰው ወሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አዳማ በደረስኩ ቁጥር ልጠይቅ እልና ማንን ብዬ እጠይቃለሁ? ደህና ገብቶ ይሆን?»

ወርቂቱ ይህች ናት እንግዲህ። ያቺ በሌሊት መልኳን ስስላት የኖርኩት። ጠይም ናት፤ ፊቷ እንደ እኔው የተጨማደደ፣ ጥርሷ እንደ እኔው የጎደለ። አለቀስኩ፤ በአደባባይ፣ በአውቶቡስ ተራ፣ ሰው እያየኝ፣ እንደ ሕፃን። «ገብቷል» አልኳት። «እቤቱ ገብቷል። እኔ ነኝ ሚስቱ። ይህች ልጁ ናት።» እሷም ደረቷን ደቃች፤ እኔ አንገቷ ላይ፣ እሷ እኔ አንገት ላይ። የድሬዳዋው አውቶቡስ ረዳት «እናቶች፣ ቁልቢ ናችሁ? መሙላቱ ነው!» እያለ ይጮሃል። ኩታውን ውሰጂው፣ ስለቱን በሌላ እተካለሁ አለችኝ። እምቢ አልኳት፤ ለገብርኤል የተሳሉትን አይወስዱም። «አውቶቡሱ እስኪሞላ ብቻ ተይልኝ» አልኳት።

ኩታውን ጉልበታችን ላይ ዘረጋሁት። የልጄን ጣት ይዤ መንገዱ መጀመሪያ ላይ አስቀመጥኩት። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ጠዋት ነው» አልኳት። «አባትሽ አሁን ማጥበቁ ነው። እዚህ ጋ ሸንበቆው ደረቀ፣ ማታ ሆነ። ይኸው ደግሞ ነጋ።» ትርፌ ጣቷን እያስኬደች፣ ሲከፈት እየቆመች፣ ሲዘጋ እያለፈች፣ ከከንፈሯ ሥር «ነጋ… መሸ… ነጋ…» ትላለች። እንዲህ እያለች ሄዳ ሄዳ መንገዱ የሰፋበት ላይ ደረሰች። ጠበቀች። አልተዘጋም። እስከ ኩታው ጫፍ ድረስ እንደተከፈተ ነው።

«እዚህስ እማዬ?» አለችኝ። «አባቴ እዚህ ጋ ምን ሆነ?»

«እዚህ ጋማ» አልኳት፣ «ወደ እኛ ተነሣ።»